ቴርሞሜትሩ ነው ወይስ መጽሐፉ? የመምህራን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ያነሣናቸው ደብዳቤዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ናቸው። ሁሉም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ይሽከረከራሉ፤ ቪዲዮም ይሁን ካርታ፣ ስልክም ይሁን አሸዋ፣ መርጃ መሣሪያ ክፍል ከገባ በኋላ ልጆች እርስ በርስ ተነጋግረው እንዲማሩበት ምን ይደረግ ይላሉ። ሰው ዕውቀትን ከሌሎች ጋር እየተነጋገረና እየሠራ ይገነባል የሚለው፣ በሥልጠና ላይ «ማኅበራዊ ኮንስትራክቲቪዝም» እየተባለ የሚጠቀሰው አስተሳሰብ ስሙ ይክበድ እንጂ ነገሩ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። ቁርአን ቤት ጎራ ብሎ ያየ ሰው፣ ሎሁን (የእንጨት ሰሌዳውን) ይዞ የሚንተባተበውን ትንሽ ልጅ የሚያቃናው ኡስታዙ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ጥቂት የቀደመው ልጅ አጠገቡ ተቀምጧል። በቄስ ትምህርት ቤትም አቡጊዳ የዘለቀው ሀ ሁ የጀመረውን ያስቆጥራል። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ምሁር ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934 እ.ኤ.አ.) ትኩረቱን ያሳረፈው እዚሁ ላይ ነበር፤ ልጅ ብቻውን ሊሠራው በሚችለውና ከሚበልጠው ሰው ጋር ሆኖ ሊሠራው በሚችለው መካከል ባለው ርቀት ላይ። መርጃ መሣሪያ የሚመዘነውም በዚያ ርቀት ውስጥ ልጆችን ማነጋገሩ ላይ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በሐረር ከተማ የ7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ በተግባር ይዩት ብዬ በቡድን አሠራኋቸው። የአንዱ ቡድን ቴርሞሜትር 93፣ የሌላው 94፣ የሦስተኛው 95 አለ። መጽሐፉ 100 ይላል። ልጆቹ «ተበላሽቷል» አሉ። ሰዓቱ ሊያልቅ ስለነበር «100 ብላችሁ ጻፉ» አልኳቸው፤ ግን ከዚያ ወዲህ አልዋጥልኝ ብሎኛል። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ መምህርት፣ ቴርሞሜትሮቹም አልተበላሹም፣ መጽሐፉም አልዋሸም። 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላበት ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃውን የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በግርድፉ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል ብለው ቢያሰሉ ሐረር ላይ 94 አካባቢ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ደግሞ 96 አካባቢ ያገኛሉ። ያ ሁሉ ልጅ ያነበበው ቁጥር ትክክለኛው ነበር ማለት ነው።

«ተበላሽቷል» ያለው ልጅ መላ ምት ነው የሰጠው፤ መላ ምት ደግሞ ይፈተናል። ሁሉንም ቴርሞሜትሮች በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ 2 ደቂቃ አቆይተው ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡ። ልዩነታቸው ከ1 ዲግሪ ካልበለጠ እርስ በርስ ይስማማሉ። ቀጥሎ የተፈጨ በረዶ በብርጭቆ ሞልተው ጥቂት ውሃ ይጨምሩበትና ከ3 ደቂቃ በኋላ ያንብቡ። የሚቀልጥ በረዶ ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ 0 ነው። ቴርሞሜትሩ በረዶው ላይ 0 ካለ «ተበላሽቷል» የሚለው ወገን ክርክሩን መተው ወይም ሌላ ማስረጃ ማምጣት አለበት። እዚህ ላይ እርስዎ ዝም ማለት ይኖርብዎታል፤ ከባዱ ክፍል ይሄ ነው።

ሥራው የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ወለል ከነካ የሚለካው የብረቱን ሙቀት ነው፤ ከወለሉ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ የሚይዝ ክር ወይም ሽቦ ይታሰርለት። ግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃል። ገና በ60ና በ70 ዲግሪ ትንንሽ አረፋ ሲወጣ ልጆች «ፈላ!» ይላሉ፤ ያ በውሃው ውስጥ የነበረ አየር ነው። ንባቡ የሚጀመረው ትልልቁ አረፋ ከታች እስከ ላይ ሲንተከተክ ሲሆን በየደቂቃው አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ይጻፋል። ሙቀት እየጨመረ ቁጥሩ ግን ባለበት ከቆመ ፈልቷል። ቀይ ፈሳሽ ያለው እስከ 110 የሚለካ ቴርሞሜትር ይጠቀሙ። የትኩሳት መለኪያው እስከ 42 ብቻ ስለሚደርስ የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል፤ ሜርኩሪ ያለበት ከሆነማ ጉዳቱ ከመስታወት ስብርባሪ ያልፋል። ምድጃውን እርስዎ ይያዙ፤ አንባቢ ሆነው የሚቀርቡት በአንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ብቻ ይሁኑ።

የበለጠ መሄድ ካሰኘዎት ድሬዳዋ የሚያስተምር ባልደረባ ፈልገው ያንኑ ሥራ በዚያው ሳምንት ያሠራና ሰንጠረዡን በቴሌግራም ይላክልዎት። ያለ አንዳች ማብራሪያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉትና «የእነሱ ለምን ከኛ በለጠ?» ብለው ለ10 ደቂቃ ይተዉአቸው። አንዱ «እነሱ ጋ ሙቀት ስለሆነ» ማለቱ አይቀርም፤ ደህና ግምት ነውና በችኮላ አይጣሉበት። «ማታ ቀዝቀዝ ሲል ብንለካስ?» ብለው ይመልሱለት። ሌላው ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ ጆሮው እንደሚደፈን ያነሣል። እሱን ይያዙት! አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሐረር ላይ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ ወደ ድሬዳዋ ለሚሄድ ሰው ቢሰጡት፣ እዚያ ሲደርስ ጎኑ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ያንን ጠርሙስ ፎቶ አስነሥተው ክፍል ውስጥ ያሳዩአቸው። ከፍታና የአየር ግፊት የሚሉትን ቃላት ከዚህ በኋላ ቢሰጡአቸው የሚያርፉበት ቦታ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ፕሮጀክተር ገዝቷል። ለ62 ተማሪዎች ስለ ደም ዝውውር የ18 ደቂቃ ቪዲዮ አሳየሁ። በጣም ወደዱት። በሳምንቱ ስጠይቃቸው ግን ከአራቱ የልብ ክፍሎች ሁለቱን የሚያውቅ አጣሁ። ደግሞ መጋረጃ ስንዘጋ ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። (መምህር፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ከሙቀቱ እንጀምር፣ እሱ ቀላሉ ነው። መጋረጃ አይዝጉ፤ ምስሉን ያሳንሱ። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ያው ነው፤ የሚበተንበት ስፋት ሲቀንስ ይደምቃል። 2 ሜትር ተኩል የነበረውን ምስል ፕሮጀክተሩን አቅርበው 1 ሜትር ከ20 ቢያደርጉት በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በቀጥታ ፀሐይ የሚገባበትን አንድ መስኮት ብቻ በካርቶን ይከልሉ፤ ሌሎቹ ይከፈቱ። ከኋላ ያሉት አይታያቸውም ከተባለ ቪዲዮው አጭር ስለሚሆን ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ በየተራ ወደ ፊት ማቅረብ ይቻላል።

አጭር ያልነው ለዚህ ነው፤ 18 ደቂቃ ዝም ብሎ የሚታይ ነገር ሲኒማ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ የመምህራኑ ትልቁ ቅሬታ ምን ነበር? ከሳተላይት የሚመጣው ትምህርት ጠብቀኝ ቢሉት አይጠብቅም። እርስዎ ግን የማቆሚያው ቁልፍ እጅዎ ላይ ነው። ከ18ቱ ደቂቃ ደም በልብ ውስጥ ገብቶ ወደ ሳንባ ሄዶ የሚመለስበትን 3 ደቂቃ ብቻ መርጠው ያውጡ፤ ሌላውን ይተዉት።

40 ደቂቃውን እንዲህ ቢሸነሽኑት ያወጣዎታል። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ልጆቹ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ምታቸውን ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩ፤ አንድ ጥያቄም ይጻፍላቸው፦ «ደም ከልብ ወጥቶ በቀጥታ ወደ እግር ቢሄድ ምን ይጎድላል? ሳንባ ጋ ለምን ይሄዳል?» ቀጥሎ 3ቱን ደቂቃ ያለ ድምፅ ያሳዩ። ድምፅ ሲጠፋ ልጆች ራሳቸው ተራኪ ይሆናሉ፤ ዝም እንዲሉ ማስገደድ አያስፈልግም። ከዚያ 8 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነው የደሙን መንገድ በቀስት ይሣሉ። አሁን በድምፅ ይድገሙት፤ ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ ያቁሙት፦ ደሙ የቀኝ ታችኛው ክፍል ደርሶ ሳይወጣ፣ እንዲሁም ከሳንባ ተመልሶ ግራው ላይኛው ክፍል ሊገባ ሲል። «ቀጥሎ ወዴት?» ብለው 30 ሰከንድ ይስጡ። ቀጥሎ ሁለት ጥንዶች ተቀላቅለው አራት ይሁኑና ሁለቱን ሥዕሎች አስታርቀው አንድ ሥዕል በፍሊፕ ቻርት ያውጡ፤ 12 ደቂቃ ይስጡበት፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ውስጥ ነውና አይቆንጥሩት። የቀረው ደቂቃ ሁለት የሚቃረኑ ሥዕሎችን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሰቅሎ ለማነጻጸርና ደብተር ላይ ለማጻፍ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ቪዲዮዎቹ ኦክሲጅን የሌለውን ደም በሰማያዊ ይቀቡታል። ካልነገሩአቸው ሰማያዊ ደም አለ ብለው ይወጣሉ፤ በእጃቸው ላይ የሚታየው ደም ሥርም ሰማያዊ ስለሚመስል ማስረጃ አለን ይሉዎታል። «ሐኪም ከክንድ ደም ሲቀዳ መርፌው ውስጥ ምን ዓይነት ቀለም አያችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ከመካከላቸው ያየ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ አንድ ለአምስት አደራጅተናቸዋል። ግን አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ አራቱ ይገለብጣሉ። ካርታ ብሰጣቸውም ያው ነው፤ ካርታው ጎበዙ ፊት ነው የሚውለው። የማስተምረው የ6ኛ ክፍል ኅብረተሰብ ነው፣ ሐረር።

መልስ፦ ጎበዙ ብቻውን ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ከሆነ ብቻውን ይጨርሰዋል፤ ልጆቹን መውቀስ አይቻልም። መድኃኒቱ መረጃውን መቆራረጥ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በአሜሪካ ኦስቲን ከተማ፣ የተለያየ ዘር ያላቸው ልጆች አንድ ክፍል ገብተው በሚፋጠጡበት ወቅት ይህንኑ ዘዴ ሠራበት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሌላው የሌለውን ቁራጭ ሰጠ። እርስዎ ያሉበት ከተማ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ፣ ጁገል፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፣ ቡድንዎ አምስት ልጅ ነው።

አንድ ነጭ ወረቀት ለአምስት ቆርጠው ካርድ ያዘጋጁ። በአንዱ ካርድ ላይ የአንድ በር ሁለት ስሞችና አቅጣጫው ይጻፍ፦ ሰሜን፣ አሱም በሪ (ፈላና)፤ ምሥራቅ፣ አርጎብ በሪ (ኤረር በር)፤ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሱቁታት በሪ (ሰንጋ በር)፤ ደቡብ፣ በድሮ በሪ (ቡዳ በር)፤ ምዕራብ፣ አስመዲን በሪ (ሸዋ በር)። ቡድኑ ያለው ነገር እንቁላል መሳይ ክብ ብቻ የተሣለበት ባዶ ወረቀት ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ካርድ ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ አይታይም፤ በአፍ ይነገራል። ጥያቄው ደግሞ የሁሉንም ካርድ የሚፈልግ ይሁን፦ «ከኤረር በኩል ግመል ጭኖ የመጣ ነጋዴ በቅርቡ በር ገብቶ ከተማውን አቋርጦ ወደ ሸዋ መንገድ ቢወጣ በየትኞቹ በሮች ያልፋል? በስተ ቀኙና በስተ ግራው የሚተዋቸው በሮችስ የትኞቹ ናቸው?»

ከዚህ በፊት ግን 6 ደቂቃ ይስጡ፤ ከየቡድኑ አንድ ዓይነት ካርድ የያዙት ተሰብስበው ስለ በራቸው የሚያውቁትን ይለዋወጡ። ሰነፍ የሚባለው ልጅ በዚያ በር በኩል ገበያ የሚመላለስ ከሆነ የዚያን ቀን ጎበዙ እሱ ነው። ስድስተኛ ልጅ ያለበት ቡድን ካለ፣ ዘግይቶ የተከፈተውንና መኪና የሚያልፍበትን ሐረር በርን ይስጡት፤ «ይሄ ለምን ከሌሎቹ ሰፋ?» የሚለው ጥያቄ የእሱ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሳያስቡት አንድ ሀብት ያገኛሉ። አንዱ በር ለምን ሁለት ስም ኖረው? ማን አወጣው? ሰንጋ የተባለው ምን ስለነበረበት ነው? ኦሮምኛ ተናጋሪው ልጅ ደግሞ እቤቱ የሚጠራበትን ሦስተኛ ስም ሊያመጣ ይችላል። መልሱን አይስጡ፤ ለሽማግሌዎች የሚቀርብ ጥያቄ አድርገው ለሐሙስ ይቀጥሩት። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩትና ከተማዋ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበች የመሰለውን ግን እርስዎ ይንገሯቸው። ተወያይተው አይደርሱበትም፤ በውይይት የማይገኝን ነገር አወያዩ ማለት ሰዓት መፍጀት ነው።

መገልበጡን በተመለከተ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይስጡ። ሥራው ሲያልቅ ቁጥር ከተጻፈባቸው ቆርኪዎች አንዱን በዕጣ ያውጡ፤ የወጣለት ልጅ የቡድኑን ሥራ ያስረዳል፤ ነጥቡ ግን ለሁሉም ይያዛል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጎበዙ ራሱ አራቱን ማስጠናት ሲጀምር ያዩታል። ነጥቡን ከ5 በላይ አያድርጉት፤ ከበዛ ልጆቹ ይጣላሉ፣ ወላጅም ይመጣል።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ አፍ የፈቱ ልጆች አሉ። በቡድን ሲወያዩ ወደየቋንቋቸው ይሄዳሉ። ሱፐርቫይዘሩ «በማስተማሪያው ቋንቋ ብቻ» አለኝ። (ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ የምትሆኑበት መንገድ አለ። ልጅ የሚያስበው በሚያስብበት ቋንቋ ነው፤ ሐሳቡ ሳይበስል ቋንቋ ካስቀየሩት ዝም ይላል፣ ዝም ያለ ልጅ ደግሞ የገባው ይመስላል። የመጀመሪያውን 6 ደቂቃ በፈለጉት ቋንቋ ይነጋገሩ፤ ወረቀት ላይ የሚጻፈውና ለክፍሉ የሚቀርበው ግን በማስተማሪያው ቋንቋ ይሁን። ይህን በትምህርት ዕቅድዎ ላይ ለይተው ይጻፉት፤ ሱፐርቫይዘር የሚከራከረው ባልተጻፈ ነገር ላይ ነው። ግድግዳው ላይም ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ሰቅለው ለየቋንቋው አምድ ያሥምሩበት፦ ውሃ፣ ቢሻን፣ ቢዮ። ልጆቹ በየትምህርቱ አምስት ቃል ይጨምሩ፤ እርስዎ አይሙሉላቸው። አቻ የሌለው ቃል ሲገጥማቸው ነው ክርክሩ የሚጣፍጠው።

ጥያቄ፦ መብራት በየቀኑ ይጠፋል፣ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላችን ውስጥ ያለው ሁለት ያረጀ ካርታ ነው። በየትኛው መርጃ መሣሪያ ነው የምንወያየው? (መምህርት፣ ለገሃሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ መርጃ መሣሪያው ከትምህርት ቤትዎ ብዙም ሳይርቅ ተዘርግቶ ተኝቷል፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ። ጎርፍና የአፈር መከላት የሚያስተምሩ ከሆነ ከማንኛውም ቪዲዮ ይሻላል።

ለአንድ ቡድን 40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሪ ወይም ላስቲክ የተነጠፈበት የካርቶን ሳጥን ያስፈልጋል። 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አሸዋ ይሙሉበት፤ 7 ኪሎ ገደማ ነው። ለስድስት ቡድን ከ40 ኪሎ በላይ ስለሚሆን በማዳበሪያ በባጃጅ ያስመጡት። ከሳጥኑ አንዱን ጠርዝ በ3 ሴንቲ ሜትር እንጨት ከፍ ያድርጉ፤ ዝቅ ያለው ጠርዝ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያብጁና ከሥሩ ባልዲ ያስቀምጡ። ዝናቡ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ነው፤ ክዳኑን በጋለ ምስማር ስምንት ቦታ ይብሱት።

ልጆቹ መጀመሪያ በጣታቸው አሸዋው ላይ ሁለት ሸለቆ ይሥሩ፤ ከላይ ከፍ ብለው የሚጀምሩ፣ ታች ላይ የሚገናኙ። ቀጥሎ አተር የሚያህሉ ጠጠሮችን ቤት ብለው ይደርድሩ። ውሃው ከመፍሰሱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ የሚወሰደው ቤት የትኛው እንደሆነ መርጦ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በወረቀት ቁራጭ ጽፎ አጠገቡ ይትከል። ይህችን እንዳይዘሏት! ሳይገምት ያየ ልጅ «አውቄ ነበር» ይላል፤ ገምቶ የተሳሳተ ልጅ ግን ለምን ተሳሳትኩ ብሎ ጓደኛውን ይጠይቃል። ሁለተኛው ዙር ላይ በአንዱ ሸለቆ ዳር እርጥብ ሣር ወይም የጆንያ ቁራጭ ያንጥፉ፤ ያው አንድ ሊትር ይፍሰስበት፤ ባልዲው ውስጥ የተጠራቀመውን አሸዋ በሁለቱም ዙር በጣሳ ይለኩ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በደረቅ አሸዋ ሲጀመር ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሊትር ጠጥቶት ምንም ሳይፈስ ይቀራል፤ ልጆችም ይሰለቻሉ። ከመጀመርዎ በፊት ጨምቀው ሲይዙት ቅርጹን የሚይዝ እስኪሆን ያርጥቡት። ጠርሙሱን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ካደረጉት ደግሞ ውሃው ጉድጓድ ይቆፍራል እንጂ አይፈስም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል፤ በክፍልዎ ውስጥ ቤተሰቡ የተጎዳበት ልጅ ሊኖር ይችላል። የሳጥኑን ወንዝ «ደቻቱ» ብለው አይሰይሙት፤ ልጆቹ ራሳቸው ከሰየሙት ጨዋታ እንዳይሆን ረጋ ብለው ይቀበሉት፤ መናገር የማይፈልግ ልጅ ደግሞ አይጠየቅ።

ጥያቄ፦ ስልክ ክልክል ነው፣ ያለኝ የራሴ አንድ ስልክ ብቻ ነው። ምን ልሥራበት?

መልስ፦ ለ60 ልጅ አንድ ስልክ የሚያገለግለው ማስረጃ ይዞ ሲመጣ ነው፤ እንደ ቴሌቪዥን ካዞሩት ግፊያ ብቻ ያተርፋሉ። የአንድ አዛውንት የ90 ሰከንድ ድምፅ ከነፈቃዳቸው ቀርጸው በትንሽ ስፒከር ያሰሙ፤ ልጆቹ ሁለት ጊዜ ከሰሙ በኋላ «የነገሩን» እና «የገመትነው» በሚል በሁለት አምድ ይለዩት። ወይም የድሮውን ባቡር ሐዲድ ፎቶ አንሥተው በወረቀት አትመው ለየቡድኑ ይስጡ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ ባቡር ደግሞ 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ሁለቱንም በጠመኔ ወለሉ ላይ ያሥምሩና «የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ላይ ለምን አይሄድም?» ይበሉ። ስልክዎን በረራ ሁኔታ ላይ ማድረግ አይርሱ፤ መሐል ላይ ሲደወል ክፍሉ ይበተናል። የቤት ሥራ በቴሌግራም መስጠቱን ደግሞ ይተዉት፤ እቤቱ ስልክ የሌለው ልጅ በማግሥቱ ከቡድኑ ውጭ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ እኔ መምህር አይደለሁም፣ የሐረር ወላጅ ነኝ። የልጄ ደብተር ባዶ ነው። «ምን ተማርሽ?» ስላት «ተወያየን» ትለኛለች። ፈተና ላይ ውይይት አይጠየቅም። ይሄ ነገር ትምህርት ነው?

መልስ፦ አባት፣ ቅሬታዎ እውነት አለው። ብዙ መምህራን የቡድን ሥራ ያስጀምሩና ደወል ሲደወል ያቆሙታል፤ የመጨረሻው ሥራ ሳይሠራ ይቀራል። ከ40 ደቂቃው የመጨረሻው 7 ደቂቃ የደብተር ነው፤ መምህሩ ዋናውን ነጥብና ቃላቱን አጥርቶ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጅቷ ደግሞ ከሥሩ በራሷ አባባል ሦስት መስመርና አንድ ሥዕል ትጨምራለች። ይህ ካልተደረገ ውይይቱ እንደ ቡና ወሬ ተበትኖ ይቀራል።

ሁሉም ትምህርት የቡድን አይደለም። የፊደል አጻጻፍ፣ የማባዛት ሠንጠረዥ፣ የቤተ ሙከራ የጥንቃቄ ሕግ፣ ዓመተ ምሕረትና ስም በቀጥታ ተነግሮ፣ ተደጋግሞ ይያዛል። ለምን ሆነ፣ ቢቀየርስ፣ የትኛው ይበልጣል የሚሉት ናቸው የጋራ ሥራ የሚፈልጉት።

እርስዎም እቤት ሆነው ሊያረጋግጡ ይችላሉ። «ምን ተማርሽ?» የሚለውን ይተዉትና «ዛሬ በምን ላይ ተከራከራችሁ? አንቺ የትኛው ወገን ነበርሽ? ሌላው ወገን ምን አለ?» ብለው ይጠይቋት። የሌላውን ወገን ሐሳብ ከነምክንያቱ ከነገረችዎት ተምራለች። «እንጃ፣ እሷ ነች የምትጽፈው» ካለች ግን ወደ ክፍል ኃላፊው መምህር ይሂዱና ልጅዎ በቡድኑ ውስጥ ቁጥሯ ስንት እንደሆነ፣ በዚህ ወር ስንት ጊዜ ወጥታ እንዳስረዳች ይጠይቁ።